የሚሮጥ ጨለማ ውስጥ ሳለሁ እግዚአብሔር ሰማኝ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የምጽፈው። የባይፖላር ሕመም አለብኝ። ብዙ ሰው ይህን ሕመም ሲያስብ ሁለት የተለያዩ ወቅቶች ይታዩታል። አንዴ ልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት፣ ሌላ ጊዜ ድብርት። እኔን ለሞት ያቀረበኝ ግን ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ሐሳቤ ይሮጣል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል፤ ሁሉም ደግሞ ጨለማ ነው። እንቅልፍ የለኝም፣ ግን አይደክመኝም። እያለቀስኩ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሳነሣና ስጥል አድራለሁ። የምወደው ሰው ላይ እጮሃለሁ፣ ወዲያው በጸጸት እንገበገባለሁ። በከባድ ድብርት ጊዜ ሰው ከአልጋው መነሣት እንኳ ያቅተዋል። እዚህ ላይ ግን መሞት የሚመኝ ልብና የማያርፍ ጉልበት በአንድ ሰው ውስጥ ይገናኛሉ። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ አጥብቀው የሚፈሩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሕክምናዬ የታየው ድብርቱ ብቻ ነበር። የድብርት መድኃኒት ብቻውን ስጀምር ሩጫው ባሰብኝ። ባይፖላር ባለበት ሰው ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል።

በዚያ ወቅት ረጅም ጸሎት መጸለይ አልችልም ነበር። ቃላቱ ከአፌ ሳይወጡ ይጠፉብኛል። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ላክልኝ» ብቻ እላለሁ። ታላቅ እህቴ ግን የእኔንም ድርሻ እየጨመረች ትጸልይልኝ ነበር። «እምነትሽ ስለደከመ ነው» ያሉኝም አሉ። በቅንነት እንደተናገሩት አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ቃል የታመመን ሰው ይሰብራል።

አንድ ሌሊት ለእህቴ መሞት እያሰብኩ እንደሆነ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አልሰበከችኝም። «ራስሽን ለመጉዳት ያሰብሽው ነገር አለ?» ብላ በግልጽ ጠየቀችኝ። ከአጠገቤ ሳትለይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ።

እዚያ ያገኘችኝ የአእምሮ ሐኪም ረጋ ብላ አዳመጠችኝና «ስታዝኚ ሐሳብሽ ይዘገያል ወይስ ይሮጣል?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊት ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። የለመንኩት ሰው ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ሁኔታው ቅይጥ እንደሚባል አስረዳችኝ። ኤሚል ክሬፐሊን የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪምና አብሮት ይሠራ የነበረው ቪልሄልም ቫይጋንት በ1899 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ሐኪሞች ዛሬ በሚጠቀሙበት መስፈርት፣ ድብርት ላይ ያለ ሰው ቢያንስ 3 የማኒያ፣ ማለትም የዚያ ልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት፣ ምልክቶች አብረው ሲታዩበት ቅይጥ ይባላል፤ በማኒያ ጊዜም ድብርቱ በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። ይህን ስሰማ እንዴት እንደተጽናናሁ! ከእኔ በፊት ስንቱ በዚህ አልፏል።

የድብርት መድኃኒቱን በሐኪሟ ክትትል አቆምኩ። ሊቲየምና ሩጫውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ሊቲየም ከዓለት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ. ለማኒያ እንደሚጠቅም አሳወቀ። ድንጋዩ ውስጥ ያኖረው ግን እግዚአብሔር ነው፤ ይህን ሳስብ አመሰግነዋለሁ።

ፈውሱ ባንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ እንቅልፌ ተመለሰ። ቀጥሎ ሐሳቤ ጋብ አለ። አንድ ጠዋት ጸሎት ጀምሬ እስከ መጨረሻው ጸለይኩ።

መድኃኒቴን እወስዳለሁ። የደሜ የሊቲየም መጠን፣ ኩላሊቴና የታይሮይድ ዕጢዬ በየጊዜው ይመረመራሉ። እንቅልፌ ሲያጥርና ቁጣዬ ሲፈጥን ከእኔ በፊት የምታየው እህቴ ናት፤ ለሐኪሜ እንድትደውል ፈቅጄላታለሁ።

እያለቀሰ መቀመጥ ያቃተው ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ ስለ ሞት እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሳይነጋ ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ መንገድ ላይም ጸልዩለት።