25 ሳንቲሜትር የደማስቆ ብረት

ከቤልጅየሟ ሊዬዥ ከተማ አጠገብ፣ በቬስድር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የሚገኙት እንደ ኔሶንቮና ትሮ ያሉ መንደሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ በእጅ ቀጥቅጠው በመሥራት የታወቁ ነበሩ። ሥራው «ደማስቆ» ይባል እንጂ ከደማስቆ የመጣ አይደለም፤ ስሙን ያገኘው ላዩ ላይ የሚታየው የሞገድ መልክ የምሥራቁን አገር ሰይፎች ስለሚያስታውስ ነው። ጠንካራውን ብረት «አረብ ብረት» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ዓይነቱ ስያሜ እንግዳ አይሆንም።

እኔ ሊዬዥ ውስጥ በብየዳ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። እነዚህን አፈሙዞች መጀመሪያ ያየኋቸው በከተማው ግራንድ ኩርቲዩስ ሙዚየም ሲሆን፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ ሁለት ብረት እንዴት እንደ ጥልፍ ሊታይ እንደቻለ ሳስብ ብዙ ቆየሁ። በኋላም «ሙሴ» እያልኩ የምጠራቸው አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ ቅዳሜ ቅዳሜ በምድጃቸው እንድሠራ ፈቀዱልኝ። የሚተኮስ ነገር ለመሥራት ፈቃዱም ፍላጎቱም ስላልነበረኝ፣ ዕቅዴ መልኩን ብቻ የሚያሳይ አጭር ቱቦ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ስስ የለስላሳ ብረትና የአረብ ብረት ጠፍጣፋዎችን እያፈራረቁ በመደርደር ነው። እኔ 9 ደረደርኩ፤ ብረቱ እንዲጣበቅ ላዩን የሚያጸዳውን ቦራክስ የተባለ ዱቄት ነሰነስኩባቸው፤ ነጭ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቢጫ እስኪሆኑ አግዬ በመዶሻ አጣበቅኋቸው፤ ከዚያም ጎናቸው 8 ሚሊሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ዘንጎች እስኪወጡ ሳብኳቸው። የዕለት ሙያዬ ብየዳ ስለሆነ ይህ ክፍል ብዙ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ መግመዱ ነው። ዘንጉን በአንድ ጫፉ ሞርሳ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ በትልቅ መፍቻ ማዞር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብረት እኩል ካልጋለ እኩል አይገመድም፤ ይበልጥ የጋለው ስፍራ ቀድሞ ይዞርና ጥምዝምዙ እዚያ ይጠብቃል፣ ቀዝቀዝ ያለው ደግሞ ሳይነካ ይቀራል። የመጀመሪያው ዘንጌ አንድ ጎኑ እንደ ቡሎን ጥርስ፣ ሌላው ጎኑ እንደ ልል ገመድ ሆኖ ወጣ። ሙሴ ምንም ሳይናገሩ አፈ ጠባብ የውኃ ጣሳ አመጡና፣ በሁለተኛው ዘንግ ላይ ቀድሞ መዞር የጀመረውን ስፍራ ጠብታ እያፈሰሱ አቀዘቀዙልኝ። ውኃው ቺስ ባለ ቁጥር ጥምዝምዙ ከዚያ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ መፍቻውን በቀኝ እጄ፣ ጣሳውን በግራ እጄ ይዤ ብቻዬን ገመድኩ።

ሦስቱን ዘንጎች ጎን ለጎን ስናስተኛቸው የመካከለኛው ጥምዝምዝ ከግራና ቀኙ በተቃራኒ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ዓይን የሚስበው መልክ የሚወለደው ከዚህ መገናኘት ነው። ሦስቱ ተበይደው 1.2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጥብጣብ ሆኑ።

ጥብጣቡን ስጠመጥም የሠራሁት ስሕተት ሙሉ ቅዳሜ አስከፍሎኛል። የሊዬዥ ሠሪዎች ጥብጣቡን የሚጠመጥሙት በስስ የብረት ቱቦ ላይ ነበር፤ ይህ የውስጥ ቱቦ መጨረሻ ላይ ተቦርቡሮ ይወጣል። እኔ ግን ከንቱ ድካም መስሎኝ በቀጥታ በወፍራም ዘንግ ላይ ጠመጠምኩት። ጥብጣቡ ሲቀዘቅዝ ተኮማተረና ዘንጉን አንቆ ያዘው፤ ለማውጣት ጥብጣቡን መቁረጥና ሌላ መሥራት ግድ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ የውስጡን ቱቦ ሠራሁለት።

ጠመዝማዛውን አንድ ወጥ ቱቦ የሚያደርገው ብየዳ በጥቂት በጥቂቱ፣ በአንድ ግለት አንድ ወይም ሁለት ዙር ብቻ እየተያዘ ይሠራል። ከመዶሻው ሌላ ቱቦውን አቁሞ ጫፉን መስፉ ላይ መደሰቅም አለ፤ ጠርዝና ጠርዝ የሚገጥሙት በዚህ ነው። ቀድሞ አንድ አለቃና ሁለት መቺዎች ሆነው ይሠሩት ነበር። እኛ ሁለት ብቻ ስለሆንን ግለቱ እጃችን ላይ ቶሎ ቶሎ ይሞት ነበር። ዘጠነኛው ዙር ላይ ስንደርስ ከሰሉ ሊያልቅ ሲል ቸኮልኩና፣ ጠርዙን በሽቦ ብሩሽ ሳልጠርግ፣ ብረት ሲግል ላዩ ላይ የሚያወጣው ቅርፊት እንዳለ መታሁት።

ሞርጄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ፌሪክ ክሎራይድ በተባለ ብረት የሚበላ ፈሳሽ ውስጥ ስነክረው ሁለቱ ብረቶች በየቀለማቸው ተለያዩ። ጥምዝምዞቹ ሲወጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጮኽሁ። ወዲያው ግን በአንድ ስፍራ ቱቦውን የከበበች ከፀጉር የምትቀጥን ጥቁር መስመር አየሁ። ሙሴ ጣታቸውን ከጫፉ ጀምረው እየቆጠሩ ሄዱና «ዘጠነኛው» አሉ።

ይህች ብየዳው ያልያዘባት መስመር በፎቶግራፍ አትታይም። እ.ኤ.አ. በ1672 የተመሠረተው የሊዬዥ መፈተሻ ቤት አፈሙዞችን ከተለመደው በላይ ባሩድ አጉርሶ የሚተኩሰው እንዲህ ያለውን ድብቅ ክፍተት ለማግኘት ነው። ከአያት የወረሱትን የደማስቆ ጠመንጃ ባለሙያ ሳያየው በዛሬ ጥይት ለመተኮስ የሚያስቡ ሰዎችን ስሰማም የምትታየኝ እርሷ ናት፤ አሮጌ አፈሙዝ ውስጥ መቶ ዓመት የበላ ዝገት ሊጨመርባት ይችላል።

ቱቦው አሁን ሙሴ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ዘጠነኛው ዙር ወደ ብርሃኑ ዞሯል፤ እንዲህ ያስቀመጡት እርሳቸው ናቸው። ለሚቀጥለው ጠፍጣፋዎቹን ቆርጫለሁ፤ የሽቦ ብሩሹም ከምድጃው አጠገብ በሚስማር ተሰቅሏል።