ታናሽ ሆኜ ገብቼ ታላቅ ሆኜ የወጣሁበት ቤተ ሙከራ

በደቡብ ኮሪያ አዲስ የተዋወቀህ ሰው ቶሎ ብሎ ዕድሜህን ይጠይቅሃል። መልስህን ሳይሰማ በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚያናግርህ መወሰን ይቸግረዋል፤ የአንድ ዓመት መበላለጥ እንኳ የግሱን መድረሻ ይለውጣልና። እኛም አንተና እርስዎ ስለምንል ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም፤ ሆኖም በአንድ ዓመት ለሚበልጠው ሰው እርስዎ የሚል ማን አለ? በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመት ብሎ የሚጀምረው የአገሩ አቆጣጠር ቀርቶ ዕድሜ በሌላው ዓለም አቆጣጠር ይሁን የሚል ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ሕዝቡ በአንድ ቀን ወጣት ሲሆን፣ በእኛ ቤተ ሙከራ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የሚጠየቀው የትውልድ ዓመት ሆነ፤ በቃ።

በኮሪያ መንግሥት የትምህርት ዕድል ዴጉ ከተማ የገባሁበት ቤተ ሙከራ ከዕድሜ ሌላም ማዕረግ ነበረው። ቀድሞ የገባ ሶንቤ፣ ኋላ የመጣ ሁቤ ይባላል። እኔ በዕድሜ ከብዙዎቹ እበልጣለሁ፤ በመግቢያ ዓመት ግን ከሁሉም በታች ነኝ። ልጆቹ እንዴት እንደሚያናግሩኝ ሲጨነቁ አየሁና ለሁሉም፣ በዕድሜ ለሚያንሱኝም ጭምር፣ የአክብሮቱን አነጋገር መጠቀም ጀመርኩ። ታላቅነቴን ራሴ ስተውላቸው እነርሱ ሳልጠይቅ መለሱልኝ።

ማዕድ ላይ ብዙ አልተቸገርኩም። በዕድሜ ከፍ ያለው ማንኪያ እስኪያነሣ መጠበቅ፣ ለታላቅ ሲቀዱ ቀኝ ክንድን በግራ እጅ መደገፍ፣ ለራስ አለመቅዳት፣ በታላቅ ፊት ሲጠጡ ዞር ማለት ነው። ክንድ መደገፉንማ እናቴ ከኮሪያውያን በፊት አስተምራኛለች። የከበደኝ ጾሙ ነው። የቡድን እራት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ገበታው ላይ የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ ነው፤ እኔ አሳማ አልበላም፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጭራሽ ሥጋም እንቁላልም አልቀምስም። ከእራቱ መቅረት ቡድኑን መናቅ ይመስላል። ስለዚህ ነገሩን ለአንዱ ሶንቤ በግልጽ ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ እራት በታሰበ ቁጥር ቀድሞ ምግብ ቤቱ ደውሎ ሥጋና እንቁላል የሌለበት ቢቢምባፕ፣ ማለትም ከአትክልት ጋር የሚደባለቅ ሩዝ፣ ያዝልኛል። ሳመሰግነው ግራ ይጋባል፤ ለእርሱ ግዴታው ነው። ሒሳብ ሲመጣም የሚከፍለው እርሱ ነው።

የወላጅና የልጅ፣ የንጉሥና የሹም፣ የባልና የሚስት፣ የታላቅና የታናሽ፣ የወዳጅና የወዳጅ ተብለው የተዘረዘሩት አምስቱ የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የኮንፊሽየስ ትምህርት ግንኙነቶች በጆሶን መንግሥት ዘመን፣ ከ1392 እስከ 1910፣ የአገሪቱን ኑሮ ቀርጸዋል። ከውጭ ለሚያየው የሚታየው የታናሹ ማጎንበስ ነው። ታላቁ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚታወቀው ውስጡ ሲገቡ ነው። አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ ተራው የእኔ ሆነና ከማትበቃዋ የኪስ ገንዘቤ ቡና መጋበዝ፣ መሣሪያዎቹን ማሳየት፣ ሲያጠፉም ፕሮፌሰሩ ፊት አብሬያቸው መቆም የእኔ ድርሻ ሆነ።

ከፕሮፌሰሩ ጋር አለመስማማት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስብሰባ ላይ የሚቃወማቸው የለም፤ እርሳቸው ሳይወጡ ወደ ቤቱ የሚሄድም ጥቂት ነው። ይህ አልተመቸኝም፣ አሁንም አይመቸኝም፤ ወንበር ማሞቅ ሥራ አይደለም። መንገዱን ያሳየኝ አንዶንግ አካባቢ የሚገኘውን ዶሳን ሶዎንን ስጎበኝ ያነበብኩት ታሪክ ነው። ቦታው ምስላቸው በ1000 ዎን ገንዘብ ላይ ያለው ሊቁ ዪ ህዋንግ ያስተምሩበት በነበረው ቤት ዙሪያ፣ ከሞቱ በኋላ በ1574 የተሠራ ትምህርት ቤት ነው። እኒህ ሰው 26 ዓመት ከሚያንሳቸው ከጊ ዴሱንግ ጋር፣ የሰው ስሜት ከየት ይመነጫል በሚል ለዓመታት ተከራክረዋል። ታናሹ አላፈገፈገም፤ አዛውንቱም ሐሳባቸውን አሻሽለዋል። ክርክሩ ግን የተካሄደው በደብዳቤ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ተቃውሞዬን ከስብሰባው ቀደም ብዬ፣ ለብቻቸው፣ በጥያቄ መልክ፣ ከውጤት ሠንጠረዥ ጋር በኢሜይል መላክ ያዝኩ። በስብሰባው ፕሮፌሰሩ ዕቅዱን ራሳቸው አስበውበት እንደለወጡት አድርገው ተናገሩ። ቅር አላለኝም፤ ሙከራው ተስተካክሏል።

ያልተዋጠልኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ቤተሰብን በወንድ የዘር ሐረግ በአባወራ ሥር የሚመዘግበው ሥርዓት በ2008 ቀርቷል፤ ሕጉ ግን ወጥ ቤት ድረስ አልዘለቀም። ለመኸር በዓላቸው ለቹሶክ ጓደኛዬ ወላጆቹ ቤት ይዞኝ ሲሄድ፣ ለሙታን አባቶች የሚቀርበውን ማዕድ ሴቶቹ ከዋዜማው ጀምረው ሲጠብሱ አገኘኋቸው፤ በማለዳ ማዕዱ ፊት የሚሰግዱት ወንዶቹ ናቸው። የኮንፊሽየስን ሥርዓት የሚጠብቀው ሱንግኪዩንግዋን የተባለው ተቋም ራሱ በ2022 በዘይት የሚጠበስ ምግብ ማቅረብ ግዴታ አይደለም ብሎ መግለጫ አውጥቷል። የጓደኛዬ እናት ይህን ያውቃሉ። አማታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እያዩ መጥበሻውን ማን ያወርዳል? ላግዝ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። አያትየው ከት ብለው ሳቁና ክንዴን ይዘው ወደ ወንዶቹ ክፍል መለሱኝ፤ እንግዳ በመሆኔ ይሁን ወንድ በመሆኔ፣ ጓደኛዬን ብጠይቀው እርሱም አልለየውም።