«ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ነው»

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ስለምል ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እናቴ። ሶዶ አድረን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሳን። መንገዳችን በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ነው። የት እንደምንቆም አላቀድንም፤ ደስ ያለን ቦታ ልንቆም ተስማማን። ቁርስ ላይ ግን እማዬ ሻዩዋን እያማሰለች «በዚህ በኩል ከሆነማ አዳዲ ማርያምን ብሳለም» አለች። «ምን ችግር አለው» አልኳት።

4 ሰዓት ገደማ አንዲት ከተማ ስንደርስ ልጄ ታፔላ አየ። የባህል ዕቃዎች ማሳያ ቤት ይላል። የከተማዋን ስም አልጠራም። ቆምን። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው በትህትና «ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ነው፤ አሁን ይመጣል» አለን።

«አሁን» የምትለዋን ቃል ማመኔ ነው የጎዳኝ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ልጆቹ አጥሩ ሥር ጠጠር ሲጫወቱ ቆዩ። ባለቤቴ «እንሂድ» አለች። እኔ ግን «ይህን ያህል ጠብቀን?» አልኩ። ሰውየው አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይቶ መጣ። ቁልፉን ይዟል፤ ካርኒው ግን የለም። ካርኒው ፋይናንስ ቢሮ ነው። ገንዘብ ያዧ ደግሞ እዚያው ስብሰባ ላይ ነች። «ያለ ካርኒ አላስገባም» አለ። እዚህ ላይ አልፈርድበትም፤ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚቀበል ቢሆን ይብስ ነበር።

ካርኒው ሲመጣ ደግሞ ባለቤቴ ስልኳን አወጣች። «ፎቶ በድጋፍ ደብዳቤ ነው» ተባልን። ከየት የሚመጣ ደብዳቤ? ከመሥሪያ ቤታችን! የቤተሰብ ሽርሽር ላይ ነን እኮ። ተከራከርኩ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። መመሪያው በጽሑፍ ይታየኝ አልኩ። ኃላፊው ይጠራልኝ አልኩ፤ ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ነው። እማዬ ከመኪናው በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ «ተወው ልጄ፣ ቀኑ እየሄደ ነው» አለችኝ። አልሰማኋትም። መብቴን የማስከብር መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ገብተን ያየነው አንድ ክፍል ነው፤ በ10 ደቂቃ ጨረስን። ስንወጣ 6 ሰዓት ከ20 ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥሩ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቡታጅራ ሳንደርስ ሀረ ሸይጣን ቆምን። ክብ ገደል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ። የአካባቢው ሰዎች የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይላሉ። ልጄ ክንዱ እስኪዝል ወረወረ፤ ሁሉም የገደሉ ግድግዳ ላይ ቀረ። ከላይ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል እንጂ ውሃው ሩቅ ነው። ጠርዙ መከለያ ስለሌለው ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

ቡታጅራ ምሳ በላን። እማዬ ጧፍ ገዝታ በጋዜጣ ጠቀለለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ጢያ 10 ሰዓት አልፎ ደረስን። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ዩኔስኮ በ1980 (እ.ኤ.አ.) መዝግቧቸዋል። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር እንዳለ አስጎብኚው ሲነግራት ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ጎራዴዎች በጣቷ እያመለከተች፣ ሳትነካ፣ አንድ በአንድ ቆጠረች። ትምህርት ቤት ከሚነገራት ሁሉ ያን ቀን ያየችውን አትረሳም።

ወደ አዳዲ ማርያም መገንጠያ ስንደርስ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኑ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ነው፤ ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ፣ በላሊበላ ዘመን እንደታነጸ የሚነገርለት። መኪናውን ዳር አቆምኩና ፀሐይዋን አየሁ። በማላውቀው ጠጠር መንገድ፣ በጨለማ፣ ከልጆች ጋር? እማዬ ቀድማኝ «ይቅር፣ ከዚሁ እሳለማለሁ» አለች። ወርዳ ወደ ምዕራብ ዞራ ሦስት ጊዜ ሰገደች።

ብዙ ሰው «ቀድማችሁ ደውሉ፣ ፕሮግራም አውጡ» ይላል። እኔ አልስማማም፤ ሀረ ሸይጣንን ያገኘነው ሳናቅድ ነው። ግን በር ተቆልፎ ካገኛችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁና ሂዱ። ደብዳቤ ከጠየቋችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና በዓይናችሁ እዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መኪናው ውስጥ ያሉት ትልቅ ሰው አንድ ቦታ ከጠሩ የቀኑን ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሌላው ማቆሚያ በተረፈው ሰዓት ይሁን።

ካለፈው ክረምት ወዲህ የእማዬ ጉልበት ደረጃ አያስወርዳትም። ጧፉ አሁንም መኪናዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ በሙቀት ጎብጧል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ቦታ ሳንቆም ይዣት እሄዳለሁ። ደረጃውን እኔ አዝላታለሁ።