የጊዮርጊስ ዋዜማ ሌሊት

እግዚአብሔር ይመስገን! ከዳንኩ እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ዘግይቻለሁ፤ ይኸው።

ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ መድማት የጀመረው ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ደሙን ስፈራ ብሩሹን ተውኩት። ለካ የሚደማ ድድ ነው ይበልጥ መጽዳት ያለበት! ዓመታት አለፉ። የታች ጥርሶቼ በምላሴ ስነካቸው መነቃነቅ ጀመሩ።

የጎዳኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። እኔና ባለቤቴ በተክሊል ነው የተጋባነው። ከአፌ ደም እየመጣ እንዴት ልቁረብ? እሱ ልጆቹን ይዞ ሲቀርብ እኔ ከኋላ ቆሜ አለቅሳለሁ። እውነቱን ልናገር፤ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። «ሌላው ይቅር፤ ሥጋህንና ደምህን እንኳ ከለከልከኝ?» አልኩት። ዓመት ሙሉ አልጸለይኩም። ይቅር ይበለኝ።

አንድ ክሊኒክ «ይነቀሉ» አለኝ። ከዚያ ፒያሳ አካባቢ አንዲት የድድ ሐኪም አገኘሁ። እድሜ ይስጣት። በቀጭን መለኪያ በጥርሴና በድዴ መካከል ያለውን ኪስ ለካች። ጤነኛ ድድ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የኔ 6 እና 7 ሆነ። መጀመሪያ በማደንዘዣ ከድዱ ሥር አጸዳችልኝ። ከ6 ሳምንት በኋላ ስትለካው ሌላው ቀንሷል፤ የታች ግራው እምቢ አለ። «ድዱን ገልጠን ሥሩን እያየን ካልሆነ መሣሪያው አይደርስበትም» አለችኝ።

ቀጠሮው ሚያዝያ 22 ዋለ። መብራቱ ፊቴ ላይ በርቶ «አፍሽን በደንብ ክፈቺ» ስትለኝ፣ ሳላስበው የመዝሙረ ዳዊት ቃል መጣልኝ፦ «አፍህን አስፋ፥ እሞላዋለሁም»። ያን ሁሉ ጊዜ ያልጸለይኩት ሰው! እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ድዴን ገልጣ፣ ሥሩ ላይ የተጋገረውን ድንጋይ ፍቃ መልሳ ሰፋችው።

አትትፊ፣ በስትሮው አትጠጪ፣ ትኩስ ነገር አትቅመሺ፣ ራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ ብላኝ ነበር። ማታ ግን ራበኝና አጥሚቱን በትኩሱ ጠጣሁት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነቃሁ። ትራሱ ረጥቧል። ላብ መስሎኝ ነበር። መብራቱን ሳበራ ቀይ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነው፤ ቤት የለም። መታጠቢያው ላይ ተፋሁ። ደም። ደግሜ ተፋሁ፤ ባሰበት። አፌ ሳንቲም ሳንቲም አለኝ። የረጋ ደም እንደ ጉበት ቁራጭ ዱብ አለ። ጉልበቴ ከዳኝ። ከአራዳ ጊዮርጊስ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማል፤ ንግሡ ነው። ሕዝቡ ያሸበሽባል፣ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብያለሁ። «ጨረስከኝ እኮ!» አልኩት እግዚአብሔርን። አልደብቅም፣ ብያለሁ።

ትልቋ ልጄ ሮጣ ጎረቤታችንን እማማን ጠራቻቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማኅሌቱ ሊወጡ በር ላይ ነው ያገኘቻቸው። አምስት ደቂቃ ብትዘገይ አይገኙም ነበር። እኔ ይሄን አጋጣሚ አልለውም።

«አትትፊ ልጄ! በተፋሽ ቁጥር የረጋውን ትነቅይዋለሽ» አሉኝ። ንጹሕ ጎዝ አርሰው አጠፉና ቁስሉ ላይ አደረጉት። «ጫን አድርገሽ ያዢ። ሰላሳ ደቂቃ እንዳታነሺው።» ዶክተሯም በዚያ ሌሊት ስልክ አነሳች። ያለችው ያንኑ ነው፤ ካልቆመ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ አለች።

አንስቼ ማየት አማረኝ። እማማ ሌላውን እጄን ያዙና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመሩ። አፌ ተይዟል፤ በልቤ ተከተልኳቸው። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ጸሎቴ ይኸው ነው። ልጄ በጣቷ ትቆጥራለች። አርባ አንድ ሞላ። «ገና ነው» አሉ፤ እንደገና ጀመርን። ስንት ዙር እንዳልን አላውቅም። ከውጭ ከበሮው እየፈጠነ መጣ። በመጨረሻ ጎዙን ቀስ አድርገው አነሱት። መብራት አስጠግተው ብዙ አዩ።

«ቆሟል» አሉ። ሕፃኑ እንዳይነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እልል አሉ። እማማ፣ ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ማኅሌትዎን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ጉንጬ ለሦስት ቀን አበጠ፣ ከዚያ ሟሸሸ። በ10ኛው ቀን ስፌቱ ወጣ። ድዴ ዝቅ ስላለ ጥርሶቼ ረዘም ብለው ይታያሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃም ይጠዘጥዘኛል። ይሁን። ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ስትለካኝ 3 ሆነ። ደሙም የለም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «ጨረስከኝ» ያልኩትንም። ቀኖናዬን ስጨርስ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ተሰለፍኩ። ትልቋ ልጄ የነጠላዬን ጫፍ ይዛለች። ተራዬ ደረሰ። አፌን ከፈትኩ።