«01»

ዛሬ በጣሊያን ቺቪታቬኪያ ወደብ ወደ መርከቡ ለመግባት በተሰለፍንበት ሰዓት፣ ከፊቴ የቆሙ አንዲት እናት ፓስፖርታቸውንና ቲኬታቸውን በላስቲክ ሸፍነው በክብር ይዘው ነበር። የተቀበላቸው ሠራተኛ የሸንገን ቪዛቸውን፣ ማለትም ጣሊያንንና ግሪክን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮችን የጋራ መግቢያ ፈቃድ፣ ገልጦ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ መሳፈር እንደማይችሉ በትሕትና ነገራቸው። ጣቱ ያረፈው የመግቢያ ብዛት በሚጻፍባት ጠባብ ቦታ ላይ ሲሆን፣ የተጻፈውም «01» ነበር።

መርከባችን በቱርኳ ኩሻዳሲ አድሮ ጉዞውን የሚጨርሰው በግሪክ ፒሬዎስ ነው። ቱርክ የሸንገን አባል ስላልሆነች፣ ከእርሷ ወደ ግሪክ መሻገር እንደ አዲስ መግባት ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው ቪዛ ደግሞ ጣሊያን በገቡበት ዕለት ሥራውን ጨርሷል። እናታችን «ቱርክ ላይ ባልወርድስ?» ብለው ጠየቁ፤ ሠራተኛው ግን መጨረሻ ላይ ግሪክ መውረዳቸው እንደማይቀር አስረዳቸው።

በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ድንበር መሻገሩን በየጣቢያው ይረዳዋል። በመርከብ ግን ክፍላችንም አልጋችንም ሳይለወጥ፣ ተኝተን ሳለን ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው እንሻገራለን፤ ስለዚህ ቪዛ መኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ መርከቡ በሚቆምባቸው ወደቦች ቅደም ተከተል መሠረት መመርመሩ ግድ ነው። ትኬት የሚሸጥ ሰው ይህን ገጽ ገልጦ ማየት ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ለእኚህ እናት የተነገራቸው «ቪዛ ካለዎት ይበቃል» የሚል ብቻ ነበር።

ፓስፖርታቸውን መልሰው በላስቲኩ ሲጠቀልሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።