ከ«ጣና» አራት ፊደላት የሚወጡ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋር በጣና ዳር፣ ከአንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ከካርቶን ቆርጠን ያዘጋጀናቸው ትንንሽ ካርዶች አሉን፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በማርከር ተጽፏል። ጥቂት ፊደላት እንመርጥና እነዚያን ሁሉ በውስጡ የያዘ ረጅም ቃል እንፈልጋለን። ባለፈው ወር የመረጥናቸው የሐይቃችን ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሚታዩትን አራቱን ነበር፤ ቲ፣ ኤ፣ ኤን፣ እንደገና ኤ። ኤ ሁለት ጊዜ መገኘት ስላለበት፣ አንድ ኤ ብቻ ያለው ቃል ምንም ያህል ቢረዝም አይቆጠርም።

በዚህ ጨዋታ ደጋግሜ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ እኛ የእንግሊዝኛን ቃል የምንፈልገው በጆሯችን መሆኑን ነው። ሞክሼዎቹ ፊደላትና የማይጻፈው መጥበቅና መላላት እንደተጠበቁ ሆነው፣ በአማርኛ የሰማነውን እንጽፋለን፣ የተጻፈውንም እናነባለን። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ልማድ ያሳስታል። «ናሽናል» የሚለውን ቃል ሰምቶ በውስጡ ቲ አለ ብሎ የሚጠረጥር ጆሮ የለም፤ ቲ «ሽ» ሆና ተደብቃለች። መስማት ማለት የሆነው «ሊስን» ውስጥ ደግሞ ቲ ብትጻፍም ድምፅ የላትም። ይህ ቃልና ጸጥታን የሚገልጸው «ሳይለንት» ለጆሮ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ሆኖም ሁለቱም የተሠሩት ከእነዚያው ስድስት ፊደላት ነው። የሁለቱንም ፊደላት በኤ ቢ ሲ ዲ ተራ መልሶ የደረደረ ሰው አንድ ዓይነት ረድፍ ያገኛል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክራቸው ጆሯቸውን ለጊዜው ትተው በዓይናቸው እንዲፈልጉ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ምክር ከእኔ በተሻለ መንገድ ተግባር ላይ አዋለችው። አራቱን ካርዶች ከረድፋቸው አንሥታ፣ ንፋስ እንዳይወስዳቸው በየላያቸው ጠጠር እያስቀመጠች፣ ክብ አድርጋ ደረደረቻቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ስጠይቃት «ቲቸር፣ በመስመር ሲሆኑ ጣና ብቻ ነው የሚታየኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዓይን የለመደውን ቃል ካየ ሌላውን አያይም። ብዙም ሳትቆይ ዘጠኝ ፊደላት ያሉትን «ፋንታስቲክ» አገኘች፤ ስምንት ፊደል ያለውን «ናሽናል»ንም በአንድ በለጠች።

ከዚያ በላይ ለመርዘም ግን ከቃሉ ጭራ መጀመር ይሻላል። የእንግሊዝኛ ረጃጅም ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚረዝሙት በፊትና በኋላ በሚጨመሩ ቅጥያዎች ነው። እኛ «ሽን» ብለን በሁለት ፊደል የምንጽፈው መጨረሻ በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ይወስዳል፤ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን። ከምንፈልጋቸው ፊደላት ውስጥ ቲ እና ኤን በዚህ አንድ ቅጥያ ብቻ ተገኙ ማለት ነው፤ የቀሩን ሁለቱ ኤዎች ናቸው። «ናሽናል» ላይ ከፊት «ኢንተር» ሲጨመርበት 13 ፊደል ይሆናል፤ ከኋላ «አይዜሽን» ሲቀጠልበት ደግሞ «ኢንተርናሽናላይዜሽን» ሆኖ 20 ይደርሳል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ቃል መጻፍ ስለሚሰለቻቸው የመጀመሪያውን አይ እና የመጨረሻውን ኤን ብቻ አስቀርተው በመካከላቸው 18 የሚል ቁጥር ያስገባሉ፤ 18 የተዘለሉት ፊደላት ብዛት ነው። ቃሉ ሶፍትዌር ለተለያዩ ቋንቋዎችና ፊደላት እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀትን የሚመለከት በመሆኑ፣ በስልኩ በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ባዕድ አይደለም።

በአማርኛ ብንጫወተው ሌላ ጨዋታ ይሆን ነበር። ሰ፣ በ፣ ረ ብሎ የሚፈልግ ሰው ሰበረን፣ ሰባራን፣ ስብራትን፣ ተሰባበረን ያገኛል፤ የሚያገኘው በአብዛኛው አንድ ቤተሰብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ፊደል መጋራት ዝምድናን አያመለክትም።

ቃላቱ ሲበዙብን ሕጉን አጠበቅነው፤ አራቱ ፊደላት በመካከላቸው ሌላ ቢገባም ቅደም ተከተላቸውን እንዲጠብቁ ወሰንን። «ፋንታስቲክ» ወደቀ፤ ከቲ በኋላ ኤን የለውምና። «ናሽናል»ም ወደቀ። «ኢንተርናሽናል» ግን አለፈ፤ ያሳለፈው ከፊት የተጨመረው «ኢንተር» ይዞት የመጣው ቲ ነው። ከአካባቢ ማስረጃ ጋር በተያያዘ በሕግ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው «ሰርከምስታንሻል»ም በ14 ፊደላቱ አለፈ።

በመጨረሻ አራቱ ፊደላት ተያይዘው፣ ሳይለያዩ እንዲገኙ ጠየቅሁ። እዚህ ላይ ምርጫው በጣም ይጠባል። የሱልጣን ግዛት ማለት የሆነው «ሰልተኔት» በዘጠኝ ፊደላቱ መሪ ሆነ። ሌላ ተማሪ «ላንታና» ሲለኝ የቦታ ስም መስሎኝ አልቀበልም አልሁት። እሱ ግን ተነሥቶ በአጥሩ ጥግ የበቀለውን፣ ቢጫና ቀይ አበባ ያለውን ቁጥቋጦ አሳየኝ፤ የወፍ ቆሎ ነበር። ማታ መዝገበ ቃላት ገልጬ ቃሉን አገኘሁት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ትክክል እንደነበረ በሁሉም ፊት ነገርሁት።

ፊደል ስንመርጥ የፊደላቱን ድግግሞሽ ማሰብ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ፊደል በተጻፈባቸው ጠጠሮች ቃል የሚሠራበትን የስክራብል ጨዋታ የፈጠረው አሜሪካዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አልፍሬድ በትስ፣ በጋዜጣ ገጾች ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በእጁ ቆጥሮ ነበር። ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ የኢ ሲሆኑ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። የጣና ሦስት ፊደላት ከተደጋጋሚዎቹ ወገን በመሆናቸው ለጀማሪ ይስማማሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዓባይ ተሻገርን፤ ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ዋይ። ዋይ ሥራውን አከበደው፤ ሆኖም ጭራውን መፈለግ የለመዱ ልጆች «ኢቲ» በሚለው መጨረሻ ላይ ዋይ እንዳለች ወዲያው አስታወሱ፤ 12 ፊደል ያለው «አቬይለቢሊቲ»ም ተገኘ። በቅደም ተከተል ሕግ ግን ይህ ቃል ይወድቃል፤ ከቢ በኋላ ኤ የለውም። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅና ካርዶቹን መሰብሰብ ስንጀምር፣ ያቺው የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አነሣች፤ «አብኖርማሊቲ»፣ 11 ፊደል። በጣታችን እየቆጠርን ፊደል በፊደል አረጋገጥነው።