ልጆቼ በዲጂታል መተግበሪያዎች ቋንቋን በራሳቸው እንዲማሩ የመራሁበት መንገድ

የ6 ዓመቷ ልጄና የ9 ዓመቱ ወንድሟ ሁለተኛ ቋንቋ በታብሌት መማር ሲጀምሩ የተመኘሁት፣ ውሎ አድሮ እኔ አጠገባቸው ባልኖርም የሚማሩትን የሚመርጡ፣ ያወቁትን ካላወቁት የሚለዩ፣ ሲበቃቸውም በራሳቸው የሚያቆሙ ልጆች እንዲሆኑ ነበር። ይህ ታብሌቱን ሰጥቶ ዞር በማለት አይገኝም። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ እያደጉ ያሉ የ9 ወር ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛን ድምፆች መለየት የቻሉት ሰው በአካል ተቀምጦ ሲያጫውታቸው ነበር፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን አልቻሉም። የእኔ ልጆች ከዚያ ዕድሜ ያለፉ ቢሆኑም፣ ይህ ግኝት መጀመሪያ አብሬ እንድቀመጥ፣ ከዚያም ኃላፊነቱን ጥቂት በጥቂት እንዳስረክብ አድርጎኛል።

አብሬ ስቀመጥ መልስ አልናገርም፤ ሥራዬ ልጆቹ ወደ መልሱ እንዴት እንደሚደርሱ ማየት ነው። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ጥያቄዎቹን ሁሉ ሳትሳሳት ስታልፍ ቀረብ ብዬ ተመለከትኩ። ድምፁ ቃሉን ተናግሮ ሳይጨርስ ጣቷ ሥዕሉ ላይ ያርፋል። ከቀረቡት አራት ሥዕሎች ሦስቱን ቀድማ ስለምታውቃቸው፣ አዲሱ ቃል የግድ የአራተኛው ሥዕል መሆን አለበት ብላ ትገምታለች። ግምቱ ብልህነት የተሞላበት ነው፤ ጆሮዋ ግን ሥራ ፈትቷል። መተግበሪያው ኮከብ ሰጥቶ ያሳልፋታል፤ በማግስቱ ያንኑ ቃል ያለ ሥዕል ብጠይቃት ፈጽሞ ሰምታው የምታውቅ አትመስልም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። የድምፁን ምልክት ትነካለች፣ ታብሌቱን ደረቷ ላይ ትገለብጠዋለች፣ ቃሉን ጮክ ብላ ትደግማለች፣ ምን ማለት እንደሆነም ትናገራለች ወይም በእጇ ታሳያለች፤ ሥዕሉን የምትነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአንድ ቁጭታ የምትጨርሰው ትምህርት በእጅጉ አነሰ፤ በማግስቱ የምታስታውሰው ቃል ግን በዛ። ደንቡን ለወንድሟ ያስተማረችው እሷው ራሷ ናት።

ምርጫን ማስረከብ የጀመርኩት በሥዕል መጻሕፍት ነው። ስቶሪዊቨር የተባለው የኢንተርኔት መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የልጆች ታሪኮችን በብዙ ቋንቋዎች በነጻ ያቀርባል፤ መጻሕፍቱ በንባብ ደረጃ የተከፈሉ ሲሆን፣ አንዱን ታሪክ መጀመሪያ በሚያውቁት፣ ቀጥሎም በሚማሩት ቋንቋ ማንበብ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዝቅተኛው ደረጃ ጥቂት መጻሕፍት እለያለሁ፤ ከእነሱ የትኛው እንደሚነበብ የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። ሁሉም መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ፊታቸው ሲቀርቡ ሽፋን ሲያዩ ጊዜው ያልቃል፤ ምርጫው ሲጠብ ግን ምክንያት ማሰብና መናገር ይጀምራሉ። «እማዬ፣ ይኼን ትናንት አብረን አንብበነዋል፤ ዛሬ ሳልጠይቅሽ ልጨርሰው» ያለችኝ ዕለት፣ ልጄ ለራሷ ግብ ማውጣት እንደጀመረች ገባኝና በጣም ደስ አለኝ።

ከሁሉ የከበደው ያላወቁትን በራሳቸው እንዲለዩ ማድረግ ነበር። የተማርነው ካልተደገመ ቶሎ እንደሚጠፋ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል፤ አንኪን የመሰሉ፣ በአንድ ወገን ጥያቄ በሌላው ወገን መልስ የያዙ ካርዶችን የሚያሳዩ መተግበሪያዎችም የተመሠረቱት ድግግሞሹን እያራራቁ በማስኬድ ላይ ነው። የታወቀው ካርድ ቆይቶ ይመለሳል፣ የተረሳው ቶሎ ይመጣል። ልጄ ካርዶቹን የሚያዘጋጀው ራሱ ሥዕሉን ስሎና ፎቶ አንስቶ፣ ድምፁንም ራሱ ቀድቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ካርድ «ቀላል ነው» እያለ ያልፍ ነበር፤ ኮከብ ይሰበስብበት ከነበረው መተግበሪያ የወሰደው ልማድ ነው። እዚህ ግን ዐውቃለሁ በማለቱ የሚያገኘው ሽልማት አልነበረም፤ እኔም ስንት እንዳወቀ ከመጠየቅ ተቆጥቤ የትኛው እንዳስቸገረው ብቻ እጠይቀው ጀመር። ቀስ በቀስ «ይኼ ጠፍቶብኛል» ማለት አላሳፈረውም። ሽልማት ልጅን ወደ መተግበሪያው ደጋግሞ ሊመልሰው ይችላል፤ ነገር ግን አላውቅም የማለትን ነጻነት የሚወስድበት ከሆነ፣ ራሱን ችሎ ለመማር የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ያሳጣዋል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ምክንያት ማሳወቂያዎችን ዘግቻለሁ፤ የተከታታይ ቀናትን ቁጥር የሚያሳዩ መተግበሪያዎችንም ለታናሿ አልሰጥም።

የአነጋገር ምዘናውንም ለመተግበሪያው አልተውኩም። ንግግር የሚለዩ ሥርዓቶች በአመዛኙ በአዋቂዎች ድምፅ የሠለጠኑ በመሆናቸው የልጆችን ድምፅ ብዙ ጊዜ ይስታሉ፤ በትክክል ተናግሮ «ተሳስተሃል» የተባለ ልጅ ደግሞ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ የታብሌቱን ድምፅ መቅጃ እንጠቀማለን። የመተግበሪያውን ድምፅ ይሰማሉ፣ የራሳቸውን ይቀዳሉ፣ ሁለቱን አከታትለው ያዳምጡና ልዩነቱ የት እንዳለ ራሳቸው ይናገራሉ።

ጊዜን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ተቀምጦ ስክሪን መመልከት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። የእኔ ልጆች ከዚህ ዕድሜ ቢያልፉም ለቋንቋው የመደብነው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ማብቂያውን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን ሥራው ነው፤ ከመክፈታቸው በፊት አንድ ታሪክ ወይም የዕለቱን ካርዶች እንደሚሠሩ ይናገራሉ፣ ያሉት ሲያልቅ ይዘጋሉ። ታሪኩ መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚነሣው ልቅሶና ጭቅጭቅ በዚህ ቀርቷል።

አሁን በአብዛኛው ቀን እነሱ ሲማሩ እኔ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። አብሬያቸው የምቀመጠው በሳምንቱ መጨረሻ ሲሆን፣ ያኔም ታብሌቱ ተዘግቶ ያነበቡትን ታሪክ በአዲሱ ቋንቋ ይተርኩልኛል፤ እኔም ያልገባኝን እጠይቃቸዋለሁ። ቃል ሲያጥራቸው በእጃቸው ያሳያሉ ወይም በምናውቀው ቋንቋ ሞልተው ያልፋሉ፤ ያጠራቸውን ቃል ልጄ በወረቀት ይይዝና ለሚቀጥለው ሳምንት ካርድ ያደርገዋል።